ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ

ጥቅምት ፳፪ ቀን

ለተከበሩ አባባ፣

ሰላምታዬ ካሉበት በጤና ይድረስዎ። የተሠራው ዓይንዎ ደህና ያያል ወይ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ የቀረውን እርስዎም ያውቁታል። ስልክ ላይ ጆሮዎ እንደማይይዝልዎ ስለማውቅ፣ ደግሞም በጎረቤት አፍ የሚነገር ነገር ስላልሆነ መጻፍን መረጥኩ።

አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ከወደቀ ወር አለፈው። የዚያን ቀን የሆነውን ከሰው ሰምተው ይሆናል፤ ከእኔ ግን አልሰሙም። ከምሠራበት መጋረጃ ቤት አስፈቅጄ ቀደም ብዬ ነበር የደረስኩት። ልጅዎ ሁልጊዜ “ከአባቴ ቤት እኔ ቤት ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ ሊፍት ተበላሸ ተብዬ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ በአውቶቡስ የምመላለሰው ይብሳል” እያለ ይቀልድ ስለነበር የመንገዱን ልክ አውቀዋለሁ። ሰሌዳው ላይ “ዘግይቷል” ይላል። አጠገቤ አበባ የያዙ ሽማግሌ ቆመው ነበርና “ነፋስ ይሆናል” አሉኝ። ቆይቶ መስመሩ ጨርሶ ከሰሌዳው ጠፋ። “ዘግይቷል” የሚለው እንኳ ጠፋ። ከዚያ አንዲት ልጅ መጥታ የዚህ በረራ ተቀባዮች በዚህ በኩል ብላ ወደ አንድ ክፍል አስገባችን። ወንበሩ ግድግዳውን ይዞ ተደርድሮ፣ በየወንበሩ ሥር ውኃ ተቀምጦ ሳይ ያን ጊዜ ገባኝ።

አሁን የምጽፍልዎ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ከባሕር ከወጡት ውስጥ በመልክ የሚለይ የለም፤ ይቅር ይበሉኝ፣ የማለሰልስበት ቃል አጣሁ። የሚለዩት በዘር ምርመራ ነው። መጀመሪያ የጥርስ ብሩሹን፣ ማበጠሪያውን፣ ምላጩን አምጪ አሉኝ። ሁሉንም ይዞት ሄዷል። የትራሱን ልብስና ፎጣውን ደግሞ ይመጣል ብዬ በዋዜማው አጥቤዋለሁ። ልጅ እንዳልወለድን ያውቃሉ። እናቱ የሉም፤ ወንድም እህት የለውም። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። የአየር መንገዱ ሰዎች ቤትዎ ድረስ ይመጣሉ፤ መርፌ እንኳ የለውም፣ ጉንጭዎን ከውስጥ በጥጥ ጠረግ አድርገው ይሄዳሉ። እሺ ይበሏቸው። ቢያንስ የምቀብረው ይኑረኝ።

አክስቱ፣ ትንሿ፣ እንዴት ነች? እንዴት እንደሚወዳት ያውቃሉና አይራቋት።

የልጅዎ ሚስት


ኅዳር ፲ ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ፈጣሪ ልብሽን ያጽናልሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው የዘገየሁት። ዓይኔ ደህና ነው። ምን ላይበት እንደተሠራ እንጃ።

እዚህ ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። አብረውኝ በርና መስኮት ሲሠሩ የኖሩት አናጢዎች ወርክሾፑ ውስጥ ጣውላ ላይ ይደረደራሉ። አንዱ “ስንት ሰዓት ነበር የሚበረው?” ይላል፤ ሌላው “ኪሎ ሜትሩስ?” ይላል። ሰው የሚለው ሲያጣ የሚጠይቀው ይኸንኑ ነው። ጎረቤታችን መምህሩ ካርታ አምጥቶ ከእኛ ከተማ እናንተ ከተማ ድረስ በክር ለካልኝ። ክሩ ጣቴን አያክልም። ከመንገዱ እኩሌታ አልፎ ነበር አለኝ፤ ሲወድቅ ለአንቺ ነበር የቀረበው።

ስለ ጥጡ ነገር፣ ሌላ መላ አይገኝም ወይ? ጥርሱን አሞት ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንደነበር ነግሮኛል፤ እዚያ ምልክት አይኖርም? በቀለበቱስ አይለይም? እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ የእኔ ነገር ያሳስታቸዋል ብዬ እሰጋለሁ። ጊዜ ስጪኝ።

ትንሿ ሥራ ትታለች። ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለቃዋ ሁለቴ ሰው ልኮ አስጠይቋታል። “ይኼን ያህል ዘመን አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም፤ ለእህት ልጅ እንዲህ ይኮናል?” አሉኝ። እህል አትቀምስም። አልራቅኋትም።

አባትሽ


ኅዳር ፳፱ ቀን

ለተከበሩ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎን ያብዛልኝ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የጥርስ ሐኪሙን ጠየቅኩ፤ አንድ የመንጋጋ ጥርስ ነቅለውለት ሄዷል፣ የተነሣው ፎቶ የለም። ቀለበቱን ደግሞ ሥራ ላይ ብረት ይይዝብኛል እያለ አያጠልቀውም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። መድኃኒት እንደማያበላሸው ምርመራውን የያዘችው ሐኪም በአፏ ነግራኛለች።

የሌሎቹ ቤተሰቦች አንድ በአንድ እየተጠሩ ነው። አበባ የያዙት ሽማግሌ ባለቤታቸውን ቀበሩ። እኔ ሆስፒታሉ ውስጥ ወዳለው ቢሯቸው በሄድኩ ቁጥር “የእርስዎ ገና ከወላጅ አልመጣም” እባላለሁ። ጸሐፊዋ አሁን አሁን ስታየኝ ቀና ማለት ትታለች።

አባባ፣ ይህን አላነሣም ብዬ ነበር። ትኬቱ የማክሰኞ ነበር። ሰኞ ደውሎ “አባቴ አንድ ቀን እደርልኝ ብሎኛል፤ የሚነግረኝ ነገር ያለው መሰለኝ” አለኝ። እኔም “እሺ፣ ምን ቸኮለህ” አልኩት። ረቡዕ ተነሣ። የማክሰኞው አውሮፕላን በሰላም ገብቷል። ለምን እንዳሳደሩት አልጠይቅዎም። ይህችን አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ።

የልጅዎ ሚስት


ታኅሣሥ ፲፬ ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ መጥተው ነበር፤ አንድ የአየር መንገዱ ሰውዬና አንዲት ነርስ። ጎረቤቱ ተከትሏቸው ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ትንሿም ነበረች። ነርሷ “አባቱ ነዎት አይደል?” አለችኝ። አዎ አልኩ። “አፍዎን ይክፈቱ” አለችኝ፤ ከፈትኩ። ጥጡን ብልቃጥ ውስጥ አሽጋ ስሜን ጻፈችበት። ሰውዬው ጨበጠኝና ወጡ።

ያልሽውን አድርጌያለሁ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

አባትሽ


ጥር ፳፩ ቀን

አባባ፣

ሰላምታውን አልፌ ልጀምር፤ ዛሬ ይፍቀዱልኝ። ልጅዎ እዚያ የለም።

ትናንት ጠሩኝ። ሐኪሟ አስቀመጠችኝና ከእርስዎ ጋር የሚዛመድ አንድም አልተገኘም አለችኝ። ሁለት ጊዜ አስመርምራለች። ከወጡት ውስጥ ስም ያልወጣለት የአንድ ወንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም የእርስዎ ልጅ አይደለም። “ባሕር ሁሉንም አይመልስም፣ ተስፋ አታብዢ” አለችኝ። እኔ ግን አልሰማኋትም። ደረጃውን እየሮጥኩ ነው የወረድኩት።

ሌሎቹ ሁሉ ተገኝተው እሱ ብቻ እንዴት ይታጣል? ሳይሳፈር ቀርቶ ይሆናል። ወይም ዓሣ አጥማጆች አውጥተውት የሆነ ቦታ ታሞ ተኝቶ ይሆናል፤ ስሙን ረስቶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ይሰማል። ከመጋረጃ ቤቱ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ፎቶውን አባዝቼ ነገ ወደ ባሕሩ ጠረፍ እሄዳለሁ፤ ያሉትን መንደሮች ሁሉ አዳርሳለሁ። በባዶ እግሩ ይሆናል ብዬ ጫማም ይዤለታለሁ።

አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ሲሳፈር በዓይንዎ አይተዋል? ያሳደሩት ዕለት ምን ነገሩት? ተቀያይማችሁ ነበር? ተናዶ እኔንም እርስዎንም ትቶ የሆነ አገር ሄዶ እንደሆነ ይንገሩኝ፤ አልቀየምዎትም። እንዲያውም እጅዎን ነው የምስመው። በሕይወት ይኑር እንጂ ከዚያ ወዲያ የፈለገውን ያድርግ።

ቤቱን ጠርጌ አልጋውን አንጥፌያለሁ። እህል መብላት ጀምሬያለሁ።

ልጅዎ


የካቲት ፭ ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አጠገብሽ ሰው ካለ ደግሞ ጥሩ ነው።

ሲሳፈር አይቻለሁ። እዚህ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኚ የሚቆምበት ሰገነት አለ። ሕዝቡ በሜዳው ሲሄድ ከሰገነቱ ላይ በሸሚዙ ለየሁት፤ ዓይኔን ያሠራልኝ እሱ ነው፣ ከሩቅ አየሁበት። ደረጃው ላይ ሆኖ ዞረና ፈለገኝ። እጄን አነሣሁ። ያየኝ አይመስለኝም። ገባ፣ በሩም ተዘጋ። አልተጣላንም፤ የትም አልሄደም። ልጄ፣ ከጠረፍ ተመለሺ።

እዚያ የሌለ የመሰለሽ በእኔ ምክንያት ነው። የእኔ ጥጥ እሱን ሊያገኘው አይችልም። ከእኔ ደም አይደለም። ከባለቤቴም አልተወለደም። የወለደችው ትንሿ ናት።

እኔና ባለቤቴ ብዙ ዓመት ጠብቀን ልጅ እንቢ አለን። ትንሿ፣ ታናሽ እህቷ፣ ገና ልብስ ማጠቢያው እንደተቀጠረች አንድ ሾፌር ቀረባት። ማርገዟ ሲገባው መኪናውን አስነሥቶ ሄደ፤ ወሬው እንኳ አልተሰማም። ሆዷ ሳይገፋ ወደ እኛ ቤት አመጣናት። ባለቤቴም አርግዣለሁ ብላ አብራ ከቤት ቀረች። ሕፃኑ ሲወለድ ባለቤቴ ታቀፈችው፤ ትንሿ ጡቷን በጨርቅ አስራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሦስታችን ተስማምተን ነው፤ ማንም ማንንም አላስገደደም። ግን በቃል መስማማትና ልጁ ዓይንሽ ፊት አድጎ ሌላ ሴት እንደ እናት ስትስመው ማየት አንድ እንዳልሆነ ኋላ ነው የገባኝ። ከእኛ ቤት ማዶ ቤት ተከራይታ ኖረች። ሌላ አላገባችም።

ባለቤቴ በሕመሟ ጊዜ “ልንገረውና ልረፍ” አለችኝ። እኔ ነኝ የከለከልኳት። አባትነቴን ይወስድብኛል ብዬ ፈራሁ። እሷ ስታርፍ ትንሿ መጣችና “ጋሼ፣ እህቴ የለችም፤ አሁን ይወቅ፤ ከዚያ ቢጠላኝም ይጥላኝ” አለችኝ። ለዓይኔ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። መጣ። በየእራቱ ልጀምር እልና ስለ ሌላ አወራለሁ። ቀኑ አለቀ። ለዚህ ነው አንድ ቀን እደር ያልኩት።

ያን ምሽት ትንሿ በሯን ከፍታ ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ ነግሮት ይልክልኛል ብላ። እኛ ደግሞ ስለ ወጥ ቤቱ ቧንቧ አወራን። እጀታውን ጠቅልሎ ቧንቧውን ሠራው፤ “ሊፍት ከመጠገን ይቀላል፣ የሚጮህብኝ ተከራይ የለም” ብሎ አሳቀኝ። እንዲህ ሲስቅ አፌ እንዴት ይከፈት? ጠዋት ሊሰናበታት ሲሄድ ፊቱን አይታ አለመነገሩን አወቀች። እንደ አክስት ሳመችው። እኔም አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ተከትዬው ሄድኩ፤ እዚያ እነግረዋለሁ ብዬ። ተሳፋሪ ግቡ ተባለ። ለራሴ ምን እንዳልኩት ልንገርሽ? መንገዱ ሦስት ሰዓት አይሞላም፣ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሌላ ቀን ይደርሳል አልኩ።

ነርሷ የመጣች ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ያየኛል። አባቱ ነዎት ስትለኝ አይደለሁም ማለት አቃተኝ። አፌን የከፈትኩት ለጥጡ ብቻ ነው። እነሱ ሲወጡ ትንሿ “ጋሼ፣ አሁንም?” አለችኝ። ምናልባት ስሜ ብቻ ይበቃቸዋል፣ ምናልባት አይመረምሩትም ብዬ ነበር። ይህን ተስፋ ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ፤ አሁን የምነጥቅሽም እኔው። ደብዳቤሽን ሳነብ ለአንድ ቀን ዝም ልበልና ደስ ይበላት ብዬ አስቤ ነበር። ትንሿ ናት እንቢ ያለችው።

ዛሬ ወደ አየር መንገዱ ቢሮ ወሰድኳት። ጸሐፊው “ምኑ ናት?” አለኝ። እናቱ ናት አልኩ። እሷም አፏን ከፈተች።

ያውቅ ነበር ወይ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። አያውቅም። ይህን ብቻ በርግጥ እነግርሻለሁ። ከእንግዲህ አባባ ባትይኝ አልቀየምም።

አባቱ ነኝ ብዬ የኖርኩት


መጋቢት ፳ ቀን

ይድረስዎ፣

ደብዳቤዎን ያገኘሁት ከጠረፍ ስመለስ ነው። በሩ ሥር ወድቆ ነበር። ለመጻፍ የቆየሁት እንዳልሳደብ ብዬ ነው።

የትንሿ ተዛመደ። ስም ያልወጣለት ያሉት እሱ ነው። መጀመሪያ ካወጧቸው መካከል እንደነበረ ነገሩኝ። አባባ፣ እኔ ለቢሮው ስመላለስ የማልፈው በዚያው ኮሪደር ነው። የተኛበትን ክፍል በር አልፌ ወጥቼ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ እሱን ፍለጋ ጠረፍ ወረድኩ። በየመንደሩ ፎቶውን እያሳየሁ መረብ የሚጠግኑ ሰዎችን ስለምን ከረምኩ። አንዱ ሽማግሌ ሊያጽናናኝ ብሎ “አንድን ሰው መርከብ አንሥቶታል ሲሉ ሰምቻለሁ” አለኝ፤ በዚያ ወሬ ሦስት መንደር ሄድኩ። ልጆች ከኋላዬ እየተከተሉ ይሳሳቁ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እሱ እዚህ ስሙን የሚነግርለት አጥቶ ተኝቷል።

ስለ አንዱ ቀን ማሳደር አልወቅስዎም። ያ ማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። ጥጡን ግን እያወቁ ነው የሰጡት። ይህን እንዴት አድርጌ እንደምተወው አላውቅም፤ እተወዋለሁ ብዬም አልዋሽዎም።

አባቱ አይደሉም አልልም። ሲያወራ ሁሉ “አባቴ” ነበር፤ መዶሻ አያያዙ እንኳ የእርስዎ ነው ይሉታል። ቀብሩ ግን ያለ ትንሿ አይሆንም። እሷን ይላኩልኝ። እርስዎ አይምጡ።

የልጅዎ ሚስት


ሚያዝያ ፪ ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

እንዳልሽው አልመጣም። ትንሿን ዛሬ አሳፍሬያታለሁ፤ ይህ እጅሽ ሲገባ እሷ ካንቺ ጋር ናት።

አውሮፕላን ተሳፍራ እንደማታውቅ ታውቂያለሽ። መንገዱን በሙሉ አንድ ነገር ነው የጠየቀችኝ፤ “ሲወድቅ ያውቁት ይሆን?” አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ዋሽቼ አያውቁም ብላት ይሻል ነበር፤ ውሸቱን ግን ከዚህ በፊት ጨርሼዋለሁ መሰለኝ፣ አልመጣልኝም። ትኬት የምታየው ልጅ “የት መቀመጥ ይፈልጋሉ?” ስትላት “ውኃው በሚታይበት” አለች።

አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ወደ ቤት መሄድ አቃተኝ። ሰገነቱ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀመጥኩ። ዘበኛው “አባት፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?” አለኝ። የሄደ ሰው እየጠበቅኩ ነው አልኩት፤ ሳቀና አለፈኝ። ሰዓቱ ሲደርስ መስኮቱ ጋ ሄጄ ጠየቅኩ። “አርፏል” አሉኝ። ደግሜ ጠየቅኳቸው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

አባትሽ


ሚያዝያ ፲፫ ቀን

አባባ፣

ትንሿ በሰላም ደርሳለች። ቀብሩም ተፈጽሟል። እንዴት እንደነበረ ማወቅ ይገባዎታልና እጽፍልዎታለሁ።

መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ከውኃው ላይ አልነቀለችም። “የት ጋ እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ ሁሉም ቦታ ግን አንድ ነው” አለችኝ። ማስታገሻ ሰጥቻት አልወሰደችም። በማግስቱ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። ሳጥኑ ታሽጎ ነው የሚሰጠው፤ እንዳይከፈት ብለው አስጠንቅቀውናል። እጇን ክዳኑ ላይ አድርጋ ቆየችና ሠራተኛውን “ማን አጠበው?” አለችው። “እኔ እኮ ልብስ አጣቢ ነኝ፤ የማንን ሁሉ አንሶላ ሳጥብ ኖሬያለሁ” አለችው። ሰውዬው ኋላ ወደ እኔ መጥቶ “እኔ ነኝ ያጠብኩት ብላት ይሻል ነበር?” አለኝ። አላውቅም አልኩት።

ሳጥኑ ቀላል ነው። አራት ሰው ይዞት ሁለት ይበቃ እንደነበር ሁሉም አውቆታል፤ ማንም ግን እጁን አላነሣም። የሊፍት ጥገና ባልደረቦቹ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተው ነበር። እናቱ ናት ብዬ አስተዋወቅኳት። መንገድ ለቀቁላትና ከፊት አቆሟት። አፈሩ ሊገባ ሲል ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብዬ “አሁን የሚከለክልሽ የለም፤ ልጄ ብለሽ አልቅሺለት” አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አፏን ከፈተች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሲወጣ ግን “የእህቴ ልጅ” ነው ያለችው። ደገመችው፤ ያው ነው። አንገቷን ይዛ ታግላ ሞከረች፣ አልሆነም። ጉድጓዱ እስኪሞላ “የእህቴ ልጅ፣ የእህቴ ልጅ” እያለች አለቀሰች። ከኋላ የቆሙት ሰዎች እርስ በርስ ሲተያዩ አየኋቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ “አፌ ለመደ እኮ” አለችኝ፤ እንደ ይቅርታ።

መመለሻዋ ሐሙስ ነው። ብቻዬን ዳግመኛ አልሳፈርም ብላለች፤ ይዣት እመጣለሁ። ከእርስዎ ጋር የማወራው ነገር ይኖረኝ እንደሆነ አሁን ልነግርዎ አልችልም። ከሰዓት በኋላ እንደርሳለን። እሷን ለመቀበል ይምጡ፤ ለእኔ ብለው ግን አይምጡ።

የልጅዎ ሚስት